ይቅር ካልነው በኋላ ቁልፉን እንመልስለት ወይ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እኔ በአዲስ አበባ በእመቤታችን ስም የተመሠረተ የጽዋ ማኅበር አባል ነኝ። በየወሩ በ21 ቀን በተረኛው ቤት ተሰብስበን ጸሎት እናደርሳለን፣ ጽዋ እንጠጣለን፤ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ለመሄድም ዓመቱን ሙሉ እንቆጥባለን። ገንዘብ ያዣችን የነበረው ወንድም ለጉዞው ከተጠራቀመው ውስጥ 62 ሺህ ብር ለግል ጉዳዩ አዋለው። ነገሩ የታወቀው ለአውቶቡስ ቀብድ ሊከፈል ገንዘቡ በተፈለገ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ዛሬ ነገ እያለ አመላልሶን ነበር፤ በኋላ ግን ራሱ ወደ ማኅበሩ መሪ ወደ ሙሴው ሄዶ እያለቀሰ አመነ፤ ንስሐ አባቱ ዘንድም ቀረበ። በጉባኤያችን ፊት ቆሞ «ስለ እመቤታችን ብላችሁ ማሩኝ» ሲል ሁላችንም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከደመወዙ እየቆረጠ ግማሽ ያህሉን መልሷል። አሁን ግን ተከፋፍለናል። ገሚሶቻችን «ይቅር ካልነው ገንዘብ ያዥነቱን እንመልስለት፤ አለዚያ ይቅርታችን የአፍ ነው» እንላለን። ሌሎቹ «ዕዳውን ከፍሎ ይሂድ፤ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ጽዋ አይጠጣም» ይላሉ። ባለፈው ወር ተራው ደርሶ ሳለ ጽዋው እርሱን አልፎ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ሄዷል። ንስሐ አባቱ የሰጡት ቀኖና ይነገረን የሚሉም አሉ። እንደ ክርስትናችን ትክክሉ የቱ ነው?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ብዙ ነገር ባነሡበት ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ጉዳይ ነውና ከእርሱ ልጀምር። ተራው የደረሰን አባል ጽዋው አልፎት መሄዱ ከ62 ሺህ ብሩ የሚያንስ ነገር አይደለም። ይህ ሰው በፊታችሁ ቆሞ በደሉን አምኗል፤ እናንተም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» ብላችሁታል፤ ያጎደለውንም እየተካ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንም ሳይወስንበት፣ በቃለ ጉባኤ ሳይጻፍ፣ ምክንያቱም ሳይነገረው ጽዋው ደጁን አልፎ ሲሄድ የተፈረደበት መቼ እንደሚያበቃ የማያውቀው ፍርድ ነው። ባለቤቱ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ጋግራ፣ ልጆቹም ቤቱን አሰናድተው ጠብቀው እንደሆነ ደግሞ ቅጣቱ ምንም ላልበደሉት ተርፏል። በጉባኤ መካከል ቀርቦ ከተነገረ ተግሣጽ ይልቅ እንዲህ ያለው ዝምታ ሰውን ከቤተ ክርስቲያን ያርቃል፤ የተገሠጸ ሰው መመለሻውን ያውቃል፣ ዝም የተባለ ግን አያውቅም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ምእመናን መካከል የአባቱን ሚስት ያገባ ሰው በተገኘ ጊዜ ያለ ማመንታት ከመካከላቸው እንዲያስወግዱት አዘዘ (1ኛ ቆሮ. 5)። በሁለተኛው መልእክቱ ግን ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም፣ ፍቅራችሁንም አጽኑለት ሲል ለመናቸው (2ኛ ቆሮ. 2፥6-8)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በሁለተኛው መልእክት የተነገረለት ያው የመጀመሪያው ሰው እንደሆነ ይተረጉማል። ሐዋርያው ለልመናው የሰጠው ምክንያት በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ «በሰይጣን እንዳንታለል» ይላል። ሰይጣን በዚያ ሰው ላይ በመጀመሪያ በኃጢአቱ ገብቶበት ነበር፤ ያ በር በንስሐ ከተዘጋ በኋላ ሊገባበት የቀረው በር የምእመናኑ ቅጣት ከልክ ማለፍ ነበር። ስለዚህ «ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ጽዋ አይጠጣም» የሚሉት ወንድሞችና እኅቶች ማኅበሩን ከኃጢአት የሚጠብቁ ቢመስላቸውም፣ የተጸጸተን ሰው ገፍቶ ማስወጣት ራሱ በደል መሆኑን ሊያስቡበት ይገባል።

የጥንት አባቶቻችን ይህንኑ ጥያቄ ከእናንተ እጅግ በከፋ ሁኔታ ተጋፍጠውታል። እ.ኤ.አ. በ250 ንጉሠ ነገሥት ዳክዮስ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ሠዉ፤ ሌሎችም ሳይሠዉ «ሠውተዋል» የሚል ወረቀት በገንዘብ ገዙ። መከራው ጋብ ሲል እነዚህ ሰዎች እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተመለሱ። በሮም ኖቫቲያኖስ የተባለው ቄስ የካደ ሰው ወደ ኅብረት ፈጽሞ አይመለስም ብሎ ተገነጠለ። በካርቴጅ ደግሞ ያለ ምንም ንስሐ ዛሬውኑ ይቁረቡ የሚሉ ተነሡ፤ የከተማይቱ ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ ግን ሁለቱንም አልተቀበለም። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በሌላ ስደት፣ ኅዳር 29 በስንክሳር የምናስበው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕት እ.ኤ.አ. በ306 በጻፈው ቀኖና፣ ሥቃዩ በዝቶባቸው የወደቁትና ሦስት ዓመት በንስሐ የቆዩት 40 ቀን ብቻ ጨምረው እንዲቀበሉ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት ደግሞ ንብረታቸው ሳይወረስ፣ አደጋም ሳይደርስባቸው በፈቃዳቸው የካዱትን 3 ዓመት ቃሉን ብቻ ከሚሰሙት የንስሐ ሰዎች ጋር፣ 7 ዓመት በንስሐ ከሚሰግዱት ጋር፣ 2 ዓመት ሳይቆርቡ ከምእመናን ጋር በጸሎት እንዲቆዩ አዘዙ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ለጆሯችን ከባድ ነው። ሆኖም ያ ሰው በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት ከሥጋ ወደሙ እንደሚቀበል ያውቅ ነበር። ንስሐው በእንባና በሥራ የታየ ከሆነ ኤጲስ ቆጶሱ እንዲያቀልለት እነዚያው አባቶች ፈቅደዋል፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰውም ቅዱስ ቍርባን እንዳይከለከል ደንግገዋል። ቀኖናቸው ጥብቅ ይሁን እንጂ መጨረሻ ነበረው፤ መጨረሻውም ከማዕዱ መቀመጥ ነበር። ማኅበራችሁ ለወንድማችሁ የሰጠው ቀን የለም፤ በእኔ አስተያየት ከዐሥራ ሁለቱ ዓመት ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ወደ ካዝናው ቁልፍ ስንመጣ ግን «ገንዘብ ያዥነቱን ካልመለስንለት ይቅርታችን የአፍ ነው» ከሚለው ሐሳብ ጋር አልስማማም። ይቅርታ ለተጸጸተ ወንድም የምንነፍገው ነገር አይደለም፤ በቀን ሰባት ጊዜም ቢመለስ ይቅር እንድንለው ታዘናል (ሉቃ. 17፥4)። ኃላፊነት ግን ለማኅበሩ ጥቅም ሲባል ለሚችል ሰው የሚሰጥ አደራ እንጂ ለማንም የሚገባ ድርሻ አይደለም፤ ስለዚህ ሳይሰጡት መቅረት በራሱ ቅጣት ሊባል አይችልም። ከላይ የጠቀስሁት ቅዱስ ጴጥሮስ እንኳ፣ ከካህናት ወገን በፈቃዳቸው ራሳቸውን ለአሳዳጆች ሰጥተው ከካዱ በኋላ ተመልሰው የተጋደሉትን ወደ ቍርባን ኅብረት ሲቀበላቸው በክህነት አገልግሎታቸው እንዲቀጥሉ አልፈቀደም። በዚህ ሥርዓት ሰውየው ልጅነቱን አልተነፈገም። የወንድማችሁ ፈተና ገንዘብ እንደሆነ ታይቷል፤ ገና ግማሽ ዕዳ እየከፈለ ሳለ ካዝናውን መልሶ ማስረከብ፣ ከወደቀበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ መልሶ እንደማቆም ነው። ይህን ማድረግ ለእርሱ መራራት አይደለም።

ምናልባት ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ ሐዋርያ ያነሡ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ክዶ ሳለ ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን» ብሎ ጠይቆ በጎቹን አደራ ሰጥቶታል (ዮሐ. 21)። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሐዋርያው ራሱ «አንተ ሁሉን ታውቃለህ» ብሎ የመለሰለት ልብን ለሚመረምር ጌታ ነው። እኛ ልብን ስለማናይ ፍሬን መጠበቅ ግድ ይለናል። ለእኛ ልክ የሚቀርበው ምሳሌ የማርቆስ ይመስለኛል። ማርቆስ በመጀመሪያው ጉዞ ሐዋርያትን ጥሎ ከጵንፍልያ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ጉዞ ቅዱስ ጳውሎስ አብሮት እንዲሄድ አልፈቀደም፤ በዚህም ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ደረሱ (ሐዋ. 15፥37-39)። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ፤ ሥራ አልነፈገውም። ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው» ብሎ ለጢሞቴዎስ ጻፈ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። ጳውሎስ «አይሆንም» ያለው ለዘለዓለም አልነበረም፤ ቃሉንም በጽሑፍ አድሶታል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጵጵስናን የተቀበልነው በዚያው በማርቆስ መንበር በኩል መሆኑን አንዘንጋ፤ በርናባስ ያን ወጣት ጥሎት ቢሄድ ኖሮ ብሎ ማሰብ ያስፈራል።

ስለዚህ ለወንድማችሁ በርናባስ ሁኑለት። ዳዊት የሚደግም ከሆነ ጸሎቱን ያስጀምር፤ የታመመ አባል ሲኖር ከሚጠይቁት ጋር ይላክ፤ የግሸኑን ጉዞ ስንቅና ድንኳን ያሰናዳ። ገንዘብ በእጁ የማይገባበት፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያየው አገልግሎት ይሰጠው። ገንዘቡን በተመለከተ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ያለ ደረሰኝ እየሰጣችሁ፣ ሒሳቡን ማንም ሳይቆጥረው፣ ሁሉን በአንድ ሰው እጅ ትታችሁ ከሆነ ፈተናውን ያዘጋጀው ማኅበሩ ነው። ከአሁን በኋላ ማንም ቢመረጥ ሒሳቡ በባንክ ይሁን፤ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ፤ በየወሩም ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ለጉባኤው ይነበብ። ይህ ሥርዓት ለሁሉም ከተሠራ ወንድማችሁን የሚያሳፍር አይሆንም፤ ዕዳውን ከፍሎና በሌላ አገልግሎት ታማኝነቱ ታይቶ ከጊዜ በኋላ ለኃላፊነት ቢመረጥም የሚያስፈራ ነገር አይኖርም።

የቀረውን ዕዳ እንማረው የሚል ሐሳብ ከተነሣ እንዳትቸኩሉ እመክራለሁ። ዘኬዎስ ጌታ በቤቱ ሲገባ ያለውን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የቀማውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል (ሉቃ. 19፥8)፤ የሙሴ ሕግም የወሰደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ያዝዛል (ዘሌ. 6)። እናንተ አምስተኛ እጅ አትጠይቁት፤ ግን ዋናውን ይጨርስ። በዚያ 62 ሺህ ብር ውስጥ ምናልባት ቆሎ ሸጠው፣ ከመቀነታቸው ላይ ፈትተው በየወሩ ሃያና ሠላሳ ብር ያዋጡ እናት ይኖራሉ፤ የእርሳቸውን ድርሻ እኔና እርስዎ ልንምርለት አንችልም። ከአባላት መካከል አቅም ያለው ሰው በግሉ ሊረዳው ቢፈልግ ግን ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና «ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠረው» እንዳለ፣ መልካም ሥራ ነው። ለእርሱም ቢሆን በየወሩ መክፈሉ ቀና ብሎ ከእናንተ ጋር የሚቀመጥበትን ድፍረት እየመለሰለት እንደሆነ እገምታለሁ።

ንስሐ አባቱ የሰጡት ቀኖና ይነገረን የሚለው ጥያቄ ግን ከማኅበሩ ሥልጣን ውጭ ነው። ካህኑ የሰማውን አይናገርም፤ ንስሐ የገባውንም ተናገር ብሎ ማስገደድ ነውር ነው። ማኅበሩ ሊያውቅ የሚገባው ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው፤ እርሱንም ሰውየው ራሱ ነግሯችኋል።

የሚመጣው ወር 21 ከመድረሱ በፊት ሙሴውና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤቱ ይሂዱ። ጽዋው ያለፈው በጉባኤ ውሳኔ እንዳልነበረ፣ ስሕተትም እንደነበረ ለእርሱም ለባለቤቱም ይንገሩ፤ ያለፈውም ተራ ይመለስለት። ከእርሱ ጋር አንቀመጥም የሚሉ አባላት ካሉ በዲያቆኑ «እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ» የሚለውን አዋጅ በየቅዳሴው እየሰሙ ነውና ከንስሐ አባቶቻቸው ጋር ይማከሩበት። ልባቸው ቶሎ ካልረጋ አትፍረዱባቸው፤ የተጎዳ ሰው ልብ በትእዛዝ አይድንም። ነገር ግን የእነርሱ ቁስል እስኪድን ድረስ የሌላው ወንድም ከደጅ እንዲቆም መወሰን አይችሉም።

ጥያቄ፦ በቤይሩት በሰው ቤት ሠራተኛነት ዓመታት አሳልፌያለሁ። ታላቅ ወንድሜ «ቦታ እገዛልሻለሁ» እያለ የላክሁለትን ገንዘብ ሁሉ ተቀብሎ በራሱ ስም ካርታ አወጣበት። ስጠይቀው «ቤተሰቡን ማን ያስተዳደረ ይመስልሻል» ብሎ ይቆጣኛል። እናቴ ደግሞ በስልክ «ባጠባሁሽ ጡቴ ይዤሻለሁ፣ ወንድምሽን ይቅር በይው፤ ይህን ነገር ደግመሽ አታንሺ» ትለኛለች። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ጸሎቴ ሐሰት ነው ወይ?

የተጨነቀች እኅት፣ ከቤይሩት

መልስ፦ እኅታችን፣ ጸሎትሽ ሐሰት አይደለም። ከዚያ ቃል ላይ ስትደርሺ አፍሽ የሚያዘው ቃሉን ከምርሽ ስለምትጸልዪው ነው፤ አታቋርጪው።

የአንቺ ነገር ከላይኛው ደብዳቤ የሚለየው ወንድምሽ በደሉን ባለማመኑ ነው። እርሱ ባያምንም ከአንቺ የሚጠበቅ ነገር አለ፤ ክፉን በክፉ አለመመለስ፣ አለመርገም፣ ስለ እርሱ መጸለይ። ጌታ በመስቀል ላይ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስም በድንጋይ ሲወገር ይቅርታን የለመኑት ገና ላልተጸጸቱ ሰዎች ነበር። ይህን በእግዚአብሔር ፊት ብቻሽን ልትፈጽሚው ትችያለሽ፤ አንድ ቀን ቀልሎ ሌላ ቀን ቢከብድሽም ይቅርታሽ ፈረሰ ማለት አይደለም። እርቅ ግን ሌላ ነው። ለእርቅ ሁለት ሰውና እውነት ያስፈልጋሉ፤ ጌታም «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፤ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ሲል ተግሣጹን አስቀድሟል (ሉቃ. 17፥3)። «ደግመሽ አታንሺ» የሚለው የእናትሽ ቃል ከልጆቿ ፍቅር የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ወንጌሉ እንዲህ አይልም፤ በደሉንም ከወንድምሽ ነፍስ ላይ አያነሣለትም።

በባዕድ አገር ሆነሽ ወንድምሽ ስለበደለሽ የዮሴፍን ታሪክ ከዘፍጥረት 42 እስከ 45 ቀስ ብለሽ እንድታነቢ እመክርሻለሁ። ዮሴፍ ወንድሞቹን ግብፅ ላይ ባያቸው ጊዜ ዘወር ብሎ አልቅሷል፤ ስንቃቸውንም ሞልቶ፣ ብራቸውንም በየዓይበታቸው መልሶ ሰድዷቸዋል። ማንነቱን ግን ወዲያው አልገለጠላቸውም። የገለጠላቸው፣ ቀድሞ ዮሴፍን እንሽጠው ያለው ይሁዳ «ስለ ብላቴናው እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ስለ ብንያም ራሱን ሲሰጥ ባየ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ዮሴፍ ቂመኛ አልነበረም፤ የተለወጠ ልብ ይፈልግ ነበር። አንቺም ወንድምሽን እየወደድሽ፣ ሲታመም እየጠየቅሽ፣ እውነቱን እስኪያምን ድረስ ግን ምንም እንዳልተደረገ ሆነሽ ለመኖር አትገደጂም።

ገንዘብሽን መጠየቅም በቀል አይደለም። ጌታ በማቴዎስ 18 ያዘዘውን መንገድ ያዢ፤ በመጀመሪያ ማንም ሳይሰማ ለእርሱ ብቻ ንገሪው፤ ካልሰማ ከአጎት ወይም ከነፍስ አባታችሁ ጋር አንድ ሁለት ሰው ጨምረሽ በሽምግልና ይነጋገሩ። የሐዋላ ደረሰኞችሽንና «ቦታ እገዛልሻለሁ» ያለባቸውን መልእክቶች ጠብቂ፤ እርሱን ለማዋረድ ሳይሆን በሽማግሌዎቹ ፊት ነገሩ በእውነት እንዲታይ ነው። ለእናትሽም በለሰለሰ ቃል፣ «እማዬ፣ አልረግመውም፣ አልጠላውም፤ አንቺም ለእኔ የምትለምኚውን ለእርሱም ‹እውነቱን ተናገር› ብለሽ ለምኚው» በያት። እናት በሁለቱም ልጆቿ ላይ እኩል ሥልጣን አላት፤ እርቁን ከተበደለችው ብቻ መጠየቋ ፍርድን ያዛባል።

ወንድምሽ አምኖ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ ያለው ነገር በአንቺ ፈቃድ የሚወሰን ነው። ካርታው በስምሽ ሊዛወር፣ ወይም እኩሌታው ሊከፈልሽ፣ ወይም በእርግጥ እናትሽን ሲያስተዳድርበት ከነበረ ያን ያህሉን አስቀንሰሽ ልትቀበዪ ትችያለሽ፤ ሁሉንም ልትተዪለት ብትወጂም መልካም ነው፣ ነገር ግን ማንም «ክርስቲያን ከሆንሽ ተዪለት» ብሎ ከእጅሽ ሊነጥቅሽ አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ ለእናትሽ የምትልኪውን በእርሱ በኩል አትላኪ፤ በእናትሽ ስም ሒሳብ ይከፈት፤ ለራስሽ የምትቆጥቢውንም በስምሽ በተከፈተ ሒሳብ አስገቢ። ይህን ለወንድምሽ ራስሽ ንገሪው፤ ከሰው አይስማው።